የጣና ነጭ ዓሣና የክረምት መንገዱ

በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



በዛሬው ስብሰባ ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሲጠይቀኝ ስለ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብሁ። ከእኔ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ኑሮ ውድነት ተናግረዋል። እኔ የምናገረው ስለ ዓሣ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ስትስቁ አያለሁ። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ስለ ዓሣ ለመናገር ምን መብት አለህ የሚለኝ ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ እኔ የተማርሁት በዓሣ ገንዘብ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ በጣና ዳር ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከአምስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ደብተሬና ጫማዬ የተገዙት በክረምቱ መጨረሻ በወንዝ አፍ ላይ በተያዘ ነጭ ዓሣ ነው። ያ ዓሣ በዚያ ወራት ለምን እንደዚያ ተሰብስቦ እንደሚገኝ የገባኝ ግን ዩኒቨርስቲ ገብቼ የሥነ ሕይወት ትምህርት ከጀመርሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምከሰው ሰው ቢኖር በመጀመሪያ ራሴን ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ስጠራ በአብዛኛው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያነበብኋቸው ጽሑፎች እንደዚያ ስለሚቆጥሩ ነው።

ጣናን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወይም በካርታ አይታችሁታል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዳር ቆሞ ለሚያየው ባሕር ይመስላል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ ጠለቀ በሚባልበትም ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ጥሩ ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ቢቆምበት ጫፉ ከውሃው በላይ ይታያል ማለት ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ያሉ ዓሦች ወደ ላይ መውጣት ስለማይችሉ የጣና ዓሦች ለብዙ ሺህ ዘመናት ብቻቸውን ኖረዋል። ብቻቸውን በመኖራቸውም በሌላ ቦታ ያልታየ ነገር ሆነ።

በሐይቁ ውስጥ በገበያ የሚታወቁት ዓሦች ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። የዛሬው ንግግሬ ስለ ሦስተኛው ነው። ነጭ ዓሣ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1836 ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከነዚህ ዓሦች ለጥቂቶቹ የየብቻ ስም ሰጥቶ ነበር። በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ይህ ሁሉ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዓሣ ነው ብለው አንድ ላይ ጨፈለቁት። በ1990ዎቹ ናግልከርክና ሲቢንግ የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ዓሦቹን አንድ በአንድ ሲለኩ፣ ሲሰነጥቁና ምን እንደበሉ ሲመረምሩ የተለያዩ ዓይነቶች ሆነው ተገኙ። ቁጥራቸውም ቢያንስ 15 ነው።

ይህን ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ አልተደነቁም። «ይኸኛው ጭቃ የሚቆፍር ነው፤ ይኸኛው ቅጠላ ቅጠል የሚለቅም ነው፤ ይኸ አፈ ሰፊው ደግሞ ወንድሙን የሚበላ ነው። ይኸን ለማወቅ ከሆላንድ መምጣት ያስፈልጋል?» አሉኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ነገር ግን አጎቴም የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ነጭ ዓሣ የሚቈጠርበት ታላቅ የዓሣ ቤተ ሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ በጉሮሮው ነው። በዚህም የተነሣ የዚህ ቤተ ሰብ ዓሦች በዓለም ላይ በብዛት የሚበሉት ትላትልና ሣር ነው፤ ዓሣ አዳኝ የሆነው ጥቂት ነው። በጣና ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው! ጥርስ የሌለው አዳኝ በዚህ ሐይቅ ውስጥ አንበሳ ሆነ ማለት ነው። በዓለም ላይ እንደዚህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተባዝቶና ተለያይቶ የሚታወቅ የዚህ ቤተ ሰብ ማኅበረ ዓሣ ሁለት ነበር፤ አንዱ በጣና፣ ሁለተኛው በፊሊፒንስ አገር በላናኦ ሐይቅ። ስለ ላናኦ «ነበር» ማለቴን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በላናኦና በመውጫው ወንዝ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 ዓይነት ዓሦች 15ቱ ፈጽመው እንደጠፉ፣ የቀሩት 2ቱም በመጥፋት አፋፍ ላይ እንዳሉ ወይም ምናልባት ጠፍተው እንደሆነ ገለጸ። ምክንያቱ ከውጭ ገብተው ሐይቁን የወረሩ አዳኝ ዓሦች፣ እንደዚሁም ከመጠን ያለፈና አጥፊ የሆነ አጠማመድ ነው። እንግዲህ የቀረው የጣናው ነው። ሌላ የለም።

አሁን ወደ ክረምቱ ልምጣ።

ሐምሌ ላይ ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ደፍርሰው ሲወርዱ፣ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ድርማና አርኖ ጋርኖም ሲሞሉ፣ በሐይቁ መካከል ተበትኖ የከረመው ነጭ ዓሣ ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። ከ15ቱ ዓይነቶች ቢያንስ ግማሽ ያህሉ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወንዝ ውስጥ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በየተራቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ወደ ትናንሾቹ ገባር ጅረቶችም ይገባሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ፣ የሚፈስና ከሥሩ ጠጠር ያለበት ውሃ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ሆኖ የሚፈሰው ውሃ አየር ይሰጠዋል፤ ደለል ከተከመረበት ግን ታፍኖ ይሞታል። ከተፈለፈሉ በኋላ ጫጩቶቹ ከውሃው ጋር ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

ቆሮሶ እንደዚህ አይደለም። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ ቶሎ ያድጋል፤ በዓመትም ደጋግሞ ይወልዳል። ነጭ ዓሣ ግን ዝግ ብሎ የሚያድግ፣ ለመውለድ ዓመታት የሚጠብቅ፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ በአንድ መንገድ የሚሄድ ዓሣ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሁሉንም ያገኘዋል።

መንገዱንም አወቅነው። ቀድሞ በጣና ዳር የሚጠመደው በደንገል ታንኳ ነበር። ነገደ ወይጦዎችና ሌሎች የባሕር ዳርቻ ሰዎች በታንኳቸው ከዳር ብዙ ሳይርቁ አጥምደው ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዳውያን እርዳታ ሞተር ያለው ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ድኻውን አጥማጅ ለመርዳት ነው፤ ረድቶታልም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ነገር ግን ሞተሩ አጥማጁን ወደ ሩቁ ወንዝ አፍ አደረሰው፤ የክረምቱ ዓሣ ደግሞ እዚያ በአንድ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። መረቡ በወንዙ አፍ ላይ እንደ መጋረጃ ሲዘረጋ የሚያዘው ሆዷ በእንቁላል የተሞላው እናት ናት።

ውጤቱን የለኩት ሰዎች አሉ። ማርቲን ደ ግራፍ የተባለው ሆላንዳዊና ባልደረቦቹ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል ያካሄዱት ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ቀነሰ። ከዚህም የባሰው የግልገሎቹ ነው፤ ግልገሉ 90 በመቶ ያህል ቀነሰ። ይህን ቁጥር ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትልቁ ዓሣ ሲቀንስ በላነው ይባላል፤ ግልገሉ ሲጠፋ ግን መውለጃው ተዘጋ ማለት ነው። ጥናቱም የዘጋው ምን እንደሆነ ሲናገር ሁለት ነገር ይጠቅሳል፤ አንዱ የወንዝ አፍ መረብ፣ ሁለተኛው በወንዝ ውስጥ የሚደረገው መርዝ።

ስለ መርዙም ልናገር፤ የማፍረው በዚህ ነውና። የብርብራን ፍሬ ታውቁታላችሁ? ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ወደ ጅረት ሲፈስስ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ሮተኖን የሚባል ነገር አለ፤ ይህም የዓሣው ሰውነት ከውሃ ያገኘውን አየር እንዳይጠቀምበት ያግደዋል። አየር ሞልቶ ሳለ ታፍኖ ይሞታል። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ብርብራ ወቅጫለሁ። የበዓል ያህል ደስ ብሎን ነበር። ትልልቆቹን በጉዝጓዝ ሣር ላይ ደረደርናቸው፤ እንደ ጣት ያሉትን ትናንሾቹን ግን የሚያነሣ ስላልነበረ ለወፍ ተዋቸው ተባለ፤ ተውናቸው። ስንት ነበሩ ብትሉኝ መቁጠር አልችልም፤ ጅረቱ ነጭ ሆኖ ነበር። በዚያ ወራት ያ ትንሽ ጅረት ያን ያህል ዓሣ ለምን ያዘ ብሎ የጠየቀ ልጅ ከመካከላችን አልነበረም፤ አስተማሪም አልነገረንም።

ሌላው ነገር የውሃው የራሱ ጉዳይ ነው። ለከተማ ሕንፃ የሚሆነው አሸዋና ጠጠር ከየወንዙ ይዛቃል፤ ይኸውም የዓሣው የመውለጃ አልጋ ነው። ለመስኖ ሲባል በቆጋና በርብ ግድብ ተሠርቷል፤ የቆጋው ብቻ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታሰበ ነው። እኔ የመስኖ ጠላት አይደለሁም፤ የፎገራ ገበሬ ልጅ ከዓሣ በፊት መብላት አለበት። ግን ግድብ በሚታቀድበት ጠረጴዛ ዙሪያ መሐንዲሱ፣ የእርሻ ባለሙያውና የገንዘብ ሰው ተቀምጠው ሳለ ስለ ዓሣው የሚናገር ሰው ወንበር ማግኘት አለበት። እኛ የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ያን ወንበር ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልናል? ደግሞ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በሰሜን ምሥራቁ የሐይቁ ዳርቻ ተነሥቶ እነመገጭ በሚገቡበት በኩል ተዘረጋ። ገበሬውና ወጣቱ እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ከመካከላችንም የሄዱ አሉ። እምቦጭን ለመንቀል የተነሣው ሕዝብ ስለ ዓሣው ቢነገረው አይሰማም የሚል ሰው ሕዝቡን አያውቀውም እላለሁ።

ሕግ የለም ወይ? አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓመተ ምሕረት ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን፣ ዶክተር ዋሴ አንተነህና ሌሎችም የአገራችን ሊቃውንት ዓሣው በየትኛው ወንዝና በየትኛው ወር እንደሚወጣ እግር በእግር ተከታትለው ጽፈዋል። ስለዚህ ሕጉም አለ፣ እውቀቱም አለ፣ ስሙም በዓለም መዝገብ ተጽፏል። እኔ ባደግሁበት ወንዝ አፍ ግን በነሐሴ ወር ቆሞ «መረብህን አንሣ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አገሬ በሄድሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ለአጎቴ ተናገርሁ። ማታ ነበር፤ መረብ እየጠገኑ ነበር። «ጋሼ፣ በነሐሴና በመስከረም እዚያ ወንዝ አፍ ላይ ባይዘረጉ ምን አለበት? በሐይቁ መካከል ቆሮሶ አለልዎት» አልኋቸው።

ለጊዜው አልመለሱልኝም። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ከጨረሱ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸን ያነበብህበትን ደብተር ማን ገዛው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «እሺ እኔ መረቤን ልሰብስብ። ጎረቤቴ ይዘረጋል። እሱም ይሰብስብ፤ ከማዶ ያለው በሞተር መጥቶ ይዘረጋል። ዓሣው እንደሆነ ያው ያልቃል፤ የኔ ልጆች ብቻ ጦማቸውን ያድራሉ። ሁሉም ባንድ ቀን ይሰብስብና የኔን መረብ መጥተህ ውሰድ» አሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስለ ምጣኔ ሀብት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ነገሩን እንደዚህ አጥርቶ የተናገረ ግን አልሰማሁም። አጎቴ ዓሣውን የሚጠሉ ሰው አይደሉም፤ ብቻቸውን መራብን የማይፈልጉ ሰው ናቸው። ዓሣውን የሚያድነውም ብቻቸውን የሚደረግ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቀን፣ በሁሉም ላይ፣ በሁሉም ወንዝ አፍ የሚጸና ክልከላ ነው። ሐይቁ ሁሉ ይዘጋ አላልሁም። የወንዞቹ አፍና የወንዞቹ ውስጥ ብቻ፣ ለክረምቱ መውጫ ሁለትና ሦስት ወር ብቻ ይዘጋ። በዚያም ጊዜ አጥማጁ ለደብተርና ለጤፍ የሚሆን ብድር ከማኅበሩ እንዲያገኝና ቆሮሶ ሲያወጣ እንዲከፍል ይደረግ። ይህ ከሌለ ክልከላው በድኻው ጀርባ ላይ ብቻ የሚያርፍ ዱላ ይሆናል።

እንደዚህ ያለው ነገር በሌላ አገር ተሞክሯል። በአሜሪካ በሜሪላንድ አገር ስትራይፕድ ባስ የሚባል ከባሕር ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚወልድ ዓሣ ነበር፤ ግልገሉ እንደኛው ዓሣ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥቱ ማጥመዱን ፈጽሞ ዘጋው፤ አጥማጁ ጮኸ፤ እስከ 1990 ድረስ ግን አልተከፈተም። በ1995 ዓሣው ዳነ ተብሎ ተነገረ። ይህን ብቻ ነግሬያችሁ ብቀመጥ ጥሩ ተረት ይሆን ነበር፤ እውነቱ ግን በ2019 የወጣ ጥናት ያው ዓሣ እንደገና ከመጠን በላይ መጠመዱን ገለጸ። አንድ ጊዜ ማዳን ይቻላል ማለት ነው፤ አዳንሁት ብሎ መተኛት ግን አይቻልም።

አሁን ስለ እኛ። አንድ ነገር አስቡ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት እተወዋለሁ፤ በጾም ጊዜ የዓሣ ገበያ እንደሚደራ ግን ማንም ያውቃል። ያ ጾም የሚውለው ነጭ ዓሣው ወደ ወንዝ አፍ በሚሰበሰብበት በዚያው ወቅት ነው። ዋጋው ሲወደድና ዓሣው ሲቀርብ በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። በከተማ ተቀምጠን «ጥብሱን አምጣ» ስንል መረቡን አብረን እየሳብን ነው።

የማኅበራችንም እጅ ንጹሕ አይደለም። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በምናደርገው ግብዣ ላይ ዓሣ እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ፤ ያለፈውን ግብዣ ካሰናዱት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ዓሣው በጣም ጣፍጦ ነበር፤ እንቁላሉን የበላም አለ። ስለዚህ ዛሬ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። ማኅበሩ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ እንዳይገዛ ይወሰን። ዓሣ ካልቀረበ ግብዣው አይደምቅም የሚል ካለ ቆሮሶ ይገዛ፤ ካልተገኘም ሽሮ አለ፤ በሽሮ የሞተ ተማሪ የለም። ሁለተኛም ከፎገራ፣ ከደራ፣ ከደምቢያ፣ ከሊቦ ከምከምና ከአቸፈር የመጣችሁ ልጆች በዚህ ክረምት አገራችሁ ስትገቡ፣ በእድርና በሰንበቴ ላይ ስለ ብርብራው ተናገሩ። እንደ ጌታ ቆማችሁ አትናገሩ፤ «እኔም ወቅጬ ነበር» ብላችሁ ጀምሩ። ያልወቀጠ ካለም ወንድሙ ወቅጧል።

ከዚህ ሌላ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚላክ ደብዳቤ አርቅቄያለሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ የወንዞቹን ስምና ወሮቹን ይዟል። የሚፈርም ሰው ከስብሰባው በኋላ በበሩ በኩል ያገኘኛል። ደብዳቤው ስለ ብድሩ የሚናገርበትን አንቀጽ እባካችሁ ማንም ቁረጠው እንዳይለኝ፤ አጎቴን የምመልስበት እሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ አገሬ እገባለሁ። ይህንን ጽሑፍ እንዳለ ለአጎቴ አነብላቸዋለሁ፤ የተናገሩትን በትክክል መጻፌን እሳቸው ራሳቸው ይፍረዱ። መረቡን በዚህ ነሐሴ የት እንደሚዘረጉት አላውቅም። በጥቅምት ስመለስ ለዚሁ ጉባኤ እነግራችኋለሁ። አሁን ሐሳቡ ላይ ድምፅ ይሰጥበት።